የካሎሪ ጉድለት ለምን አልሠራ ይላል? ልኬት፣ ስሌትና እርማት ደረጃ በደረጃ

«በቀን 1,200 ካሎሪ ብቻ እየበላሁ አንድ ግራም አልቀነስኩም፤ ሜታቦሊዝሜ ተበላሽቷል።» ክብደት ለመቀነስ ከሚታገሉ ሰዎች ይህን ያህል የሚደጋገም ቅሬታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት፣ ልክ ይህንኑ የሚሉ ሰዎች በትክክለኛ መሣሪያ ተለኩ። የሚበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን በ51 በመቶ አጋንነው እንደሚናገሩ ታወቀ። ሜታቦሊዝማቸው (ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ቀይሮ የሚያወጣበት ሂደት) ግን ደህና ነበር። ሰዎቹ አልዋሹም፤ በዓይን መገመት ነው እዚህ ድረስ የሚያሳስተው።

ስለዚህ እዚህ የምግብ ዝርዝር አትፈልጉ። የሚገባውንና የሚወጣውን ካሎሪ እንዴት እንደምትለኩ፣ ጉድለቱን (ከምታወጡት ካሎሪ አሳንሳችሁ የምትበሉበትን ልዩነት) ስንት እንደምታደርጉ፣ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲል የትኛውን ቦታ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደምትፈትሹ ነው የሚቀርበው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ይህን አጣሩ። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ፣ ክብደታችሁ ቀድሞውኑ ከጤናማው በታች ከሆነ፣ ወይም ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ሕመም (ራስን ማስራብ፣ በልቶ ማስመለስ) ካለባችሁ ወይም ከነበረባችሁ ይህን መመሪያ በራሳችሁ አትጀምሩ።

የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር አውራጅ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ ሳይቀንስ ከቀረ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል፤ ይህ ራስን ያስታል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ክብደት ሲቀንስ ግፊቱ አብሮ ስለሚወርድ መጠኑ ሊስተካከልላቸው ይችላል። የኩላሊት ሕመም ካለ ደግሞ ከዚህ በታች የተጻፈውን የፕሮቲን መጠን አትከተሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦

- በ1 ግራም የሚለካ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን። በስኒና በማንኪያ መስፈር ይህን አይተካም።
- 100 ግራም ልዩነት የሚያሳይ የሰውነት ሚዛን። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ ቦታውንም አትቀያይሩ።
- የልብስ ሰፊ ሜትር።
- ደብተር ወይም የስልክ መተግበሪያ።
- የእርምጃ ቆጣሪ። የስልኩ ይበቃል።

ስለ አሃዱ አንድ ነገር። በምግብ ማሸጊያ ላይ «ካሎሪ» የምንለው በሳይንስ ቋንቋ ኪሎ ካሎሪ ነው። እዚህም «ካሎሪ» ስንል እሱኑ ነው። ማሸጊያው በኪሎ ጁል ከጻፈ ቁጥሩን ለ4.2 አካፍሉት።

ደረጃ 1፦ ካሎሪው በየት በየት እንደሚወጣ እወቁ

የዕለቱ ኃይል አራት መውጫ አለው።

1. የዕረፍት ሜታቦሊዝም። ቀኑን ሙሉ ተኝታችሁ ብትውሉም የሚወጣው ነው፤ ልብ፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት የሚሠሩበት። በአብዛኛው ሰው ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ ይይዛል።
2. ምግብ ለመፍጨት የሚወጣው፣ 10 በመቶ ገደማ። ከፕሮቲን ካሎሪ ከ20 እስከ 30 በመቶው ለራሱ መፈጨት ይውላል፤ ከካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10፣ ከስብ ከ0 እስከ 3 በመቶ ብቻ።
3. ታቅዶ የሚሠራ ስፖርት።
4. ሳይታሰብ የሚደረግ እንቅስቃሴ፦ ደረጃ መውጣት፣ ቤት ማጽዳት፣ ቆሞ ማውራት፣ እግር ማወዛወዝ።

አራተኛውን አትናቁት። በሰውና በሰው መካከል ትልቁ ልዩነት የሚታየው እሱ ላይ ነው፤ ምግብ ስትቀንሱም ሳታውቁት የሚወርደው እሱ ነው።

ሁለት የተለመዱ ግምቶችን እዚሁ እንጣል። «ጡንቻ ብገነባ ሜታቦሊዝሜ ይነዳል» ይባላል፤ አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ሰዓት በቀን የሚያወጣው 13 ካሎሪ ገደማ ነው። ሦስት ኪሎ ጡንቻ ብትጨምሩ 40 ካሎሪ፣ ማለትም አንዲት ትንሽ ብስኩት። የጡንቻ ሥራ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ደረጃ 5 ላይ ይመጣል። «ሠላሳዎቹን ስሻገር ሜታቦሊዝሜ ወደቀ» የሚለውም አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት የሰውነት መጠን ሲስተካከል የኃይል ወጪ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ሳይለወጥ እንደሚቆይ አሳይቷል። በእነዚያ ዓመታት የሚወርደው በአብዛኛው እንቅስቃሴው ነው።

ደረጃ 2፦ ለ14 ቀን ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ

አብዛኛው ሰው ይህን ዘሎ ነው የሚወድቀው። በሁለት ሳምንቱ ውስጥ አመጋገባችሁን አትቀንሱ፤ የተለመደውን ብሉ።

1. ወደ አፍ የሚገባውን ሁሉ በግራም መዝኑና ጻፉ። ሻይ ውስጥ የገባው ስኳር፣ ምግብ እየሠራችሁ የቀመሳችሁት፣ ከልጅ ሳህን የተነሣው ትራፊ ሁሉ ይቆጠራል።
2. ከመብላታችሁ በፊት ጻፉ። ማታ አስታውሶ የሚጻፍ መዝገብ ሁልጊዜ ይጎድላል።
3. በየጠዋቱ ተመዘኑ (አመዛዘኑ ደረጃ 7 ላይ አለ)።
4. የእርምጃችሁን ብዛት በየማታው ጻፉ።

ከ14 ቀን በኋላ የሁለቱ ሳምንታት አማካይ ክብደት ካልተለያየ፣ የበላችሁት አማካይ ካሎሪ ክብደታችሁን የሚያቆም ልክ ነው ማለት ነው። ከየትኛውም ቀመር የተሻለ ቁጥር አገኛችሁ።

ካልተሳካ፦ መመዝገብ በጀመራችሁ ማግስት ሳትፈልጉ ትንሽ መብላት ትጀምራላችሁ፤ ይህ የተለመደ ነው። ክብደቱ በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ከወረደ ቁጥሩ የማቆሚያው ልክ አይደለም፤ ደረጃ 3 ላይ ያለውን የቀመር ውጤት ያዙና ወደፊት ቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ በቀመር አመሳክሩ

በሥነ ምግብ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የሚሠራበት የሚፍሊን እና ሴንት ጆር ቀመር ነው።

ለወንድ፦ (10 × ክብደት በኪሎ) + (6.25 × ቁመት በሴንቲ ሜትር) − (5 × ዕድሜ) + 5
ለሴት፦ (10 × ክብደት በኪሎ) + (6.25 × ቁመት በሴንቲ ሜትር) − (5 × ዕድሜ) − 161

ይህ የዕረፍቱን ብቻ ይሰጣል። ጠቅላላውን ለማግኘት በእንቅስቃሴ መጠን አባዙት፦

- ተቀምጦ የሚውል፣ ስፖርት የሌለው፦ 1.2
- ቀላል እንቅስቃሴ ያለው፣ በሳምንት ከ1 እስከ 3 ቀን ስፖርት፦ 1.375
- መካከለኛ፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፦ 1.55
- ከባድ፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፦ 1.725

ምሳሌ፦ 34 ዓመት፣ 78 ኪሎ፣ 162 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት።
780 + 1,012.5 − 170 − 161 = 1,461 ካሎሪ በዕረፍት።
1,461 × 1.375 = 2,009። በክብ ቁጥር 2,010።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁለት ደረጃ መካከል ከተወላወላችሁ ዝቅተኛውን ምረጡ። በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት ስፖርት የሚሠራ፣ ቀሪውን ጊዜ ግን ወንበር ላይ የሚያሳልፍ ሰው 1.55 አይገባውም። በተጨማሪ የስፖርት ካሎሪ በማባዣው ውስጥ ገብቷል፤ «ዛሬ 400 ስላቃጠልኩ 400 ልጨምር» ካላችሁ ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ። ሰዓታችሁ የሚያሳየውን የተቃጠለ ካሎሪም አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት የእጅ ሰዓት መሣሪያዎች ሲፈተሹ፣ በኃይል ወጪ ልኬት ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል።

ቀመሩ ራሱም ግምት ነው። በ10 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ቢስት አይግረማችሁ፤ በዚህች ሴት ላይ ያ 200 ካሎሪ ነው፣ የጉድለቷን ግማሽ የሚያህል። እርማቱ ደረጃ 8 ላይ ይደረጋል።

ደረጃ 4፦ የጉድለቱን መጠን ወስኑ

ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀንሱ። ለምሳሌያችን 20 በመቶ 400 ካሎሪ ነው፤ ዕለታዊ ልኳ 1,600 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ ስለዚህ 400 × 7 = 2,800፣ ለ7,700 ሲካፈል በሳምንት 360 ግራም ገደማ።

«ይህ ትንሽ ነው» ማለት ይመጣል። የላይኛው ወሰን በሳምንት ከሰውነት ክብደት 1 በመቶ ነው፤ እሱም ብዙ ትርፍ ክብደት ላለው ሰው። ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 ካሎሪ በታች ያለ ሐኪም ክትትል አይውረዱ። ከዚያ በታች ቫይታሚንና ማዕድን ማሟላት ይከብዳል፣ ጡንቻ አብሮ ይሄዳል፣ የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቆም ይችላል፤ በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ መቀነስ ደግሞ የሐሞት ጠጠር አደጋን ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚመጣው ሌላ ነው፦ ለአምስት ቀን 900 ካሎሪ በልቶ በስድስተኛው ቀን 4,000 መብላት።

ደረጃ 5፦ ካሎሪውን አከፋፍሉ

አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ ካርቦሃይድሬት 4፣ ስብ 9፣ አልኮል 7 ካሎሪ ይሰጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ሙሉ፦

1. ፕሮቲን። ልትደርሱበት ባሰባችሁት ክብደት በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም። ሴትዮዋ 65 ኪሎ መድረስ ከፈለገች 65 × 1.6 = 104 ግራም፣ 416 ካሎሪ። በሦስት ወይም በአራት ማዕድ ይከፈል። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ እርጎ፣ ምስርና ባቄላ ሁሉም ይሆናሉ።
2. ስብ። ከዕለቱ ካሎሪ ከ20 በመቶ አይውረድ። 50 ግራም ብትመድብ 450 ካሎሪ።
3. ካርቦሃይድሬት። የተረፈውን ይወስዳል፦ 1,600 − 416 − 450 = 734፣ ማለትም 183 ግራም ገደማ።
4. አሠር (ፋይበር)። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም። በአንዴ አትጨምሩት፤ ሆድ ይነፋል።

በካሎሪው ልክ ውስጥ እስከሆናችሁ ድረስ ስብ ቢያይል ወይም ካርቦሃይድሬት ቢያይል ለክብደቱ ብዙ ልዩነት የለውም። ማታ መብላት፣ ቁርስ መዝለል፣ በቀን ስድስት ጊዜ መብላት፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ ብቻ መብላት፦ እነዚህ ሁሉ ሜታቦሊዝምን አያፋጥኑም፤ የሚጠቅሙት ልካችሁን ለመጠበቅ ካገዟችሁ ብቻ ነው።

ጡንቻን በተመለከተ፦ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ክብደት የማንሣት ወይም በራስ ክብደት የሚሠራ ስፖርት (ፑሽ አፕ፣ ስኳት) ሥሩ። ካሎሪ ለማቃጠል አይደለም። ሰውነት በጉድለት ጊዜ ከስብም ከጡንቻም ይወስዳል፤ ጡንቻው ሥራ ላይ መሆኑን ካወቀ ይተወዋል። ለካሎሪ ወጪ መራመድ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ምግቡን በትክክል መዝኑ

ከዚህ ደረጃ ላይ ዓይናችሁን አታንሡ፤ ከአሥር «አልቀነስኩም» ባይ አብዛኛው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም፣ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ከጠርሙስ በዓይን የሚንቆረቆር ዘይት በቀላሉ ሦስት ማንኪያ ይሆናል። አለካኩ፦ የዘይቱን ጠርሙስ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት፣ ጠርሙሱን አንሥታችሁ ድስቱ ውስጥ ጨምሩ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ። ከዜሮ በታች የሚያሳየው ቁጥር የፈሰሰው ዘይት ነው።

ጥሬና የበሰለ። 100 ግራም ጥሬ ሩዝ 360 ካሎሪ፣ 100 ግራም የበሰለ ሩዝ ግን 130 ገደማ ነው፤ ውኃ ስለጠጣ። የመዘናችሁት ጥሬውን ከሆነ የጥሬውን ቁጥር ፈልጉ፤ የበሰለውን ከሆነ የበሰለውን። ሥጋ በተቃራኒው ሲበስል ውኃ ያጣል፤ ስለዚህ በግራም ካሎሪው ይጨምራል። መተግበሪያ ላይ «ሩዝ» ብቻ የሚል መስመር ካገኛችሁ አትንኩት።

ለቤተሰብ የሚሠራ ድስት። አንድ ድስት ለአምስት ሰው ሲሠራ የራሳችሁን ድርሻ እንዲህ አውጡ፦

1. ባዶውን ድስት መዝኑና ክብደቱን ክዳኑ ላይ ወይም ደብተር ላይ ጻፉ። ለምሳሌ 950 ግራም።
2. የሚገባውን ሁሉ በጥሬው መዝኑ፦ ምስር 400 ግራም (1,408 ካሎሪ)፣ ዘይት 60 ግራም (530)፣ ሽንኩርት 300 ግራም (120)፣ ቲማቲም 200 ግራም (36)። ድምር 2,094። ውኃ ካሎሪ የለውም።
3. ሲበስል ከነድስቱ መዝኑ፦ 2,750 ግራም። የድስቱን 950 ቀንሱ፤ ምግቡ 1,800 ግራም ነው።
4. 2,094 ለ1,800 አካፍሉ፦ በግራም 1.16 ካሎሪ።
5. ሳህናችሁን ሚዛን ላይ ዜሮ አድርጋችሁ ጨልፉ። 350 ግራም ከወሰዳችሁ 350 × 1.16 = 406 ካሎሪ።

ያው ድስት ዘይቱ በዓይን ተጨምሮ 120 ግራም ቢሆን ኖሮ የእናንተ ድርሻ ብቻ በ100 ካሎሪ ይጨምር ነበር። ሳህኑ ግን አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

የሚረሱ ነገሮች፦ ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራና ወይን፣ ማር፣ ቡና ላይ የሚጨመር ወተት፣ እፍኝ ኦቾሎኒ (30 ግራሙ 170 ካሎሪ)፣ እንዲሁም ሰላጣ ላይ የሚፈስ ዘይት። «ጤናማ» የሆነ ነገር ካሎሪ የሌለው አይደለም።

ካልተሳካ፦ ውጭ በልታችሁ መመዘን ካልቻላችሁ ተመሳሳይ ምግብ ፈልጋችሁ ከ20 እስከ 30 በመቶ ጨምራችሁ መዝግቡ፤ የምግብ ቤት ማእድ ቤት በዘይት አይሰስትም። ቀኑን ባዶ አትተዉት። ባዶ የተተወ ቀን አማካዩን ከተሳሳተ ግምት የበለጠ ያበላሻል።

ደረጃ 7፦ ራሳችሁን መዝኑ

በየጠዋቱ፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሳትበሉና ሳትጠጡ፣ በቀላል ልብስ። የአንዱን ቀን ቁጥር ተመልክታችሁ አትደሰቱ፣ አትዘኑም። የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ፤ የሚነጻጸረው አማካይ ከአማካይ ጋር ብቻ ነው። ወገባችሁን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እምብርት ትይዩ፣ ትንፋሽ ካወጣችሁ በኋላ ለኩ።

ቁጥሩ በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ የሚዘልበት ምክንያት ስብ አይደለም። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከልክ በላይ 7,700 ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል። የሚዘለው በአብዛኛው ከእነዚህ በአንዱ ነው፦

- ጨው የበዛበት ምግብ፤ ውኃ ይይዛል።
- ካርቦሃይድሬት የበዛበት ቀን። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ግላይኮጅን እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል።
- አዲስ የተጀመረ ስፖርት፤ የዛለ ጡንቻ ውኃ ይይዛል።
- የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ያሉት ቀናት። ሴቶች ሳምንትን ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ።
- የሆድ ድርቀት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቢወርድም ምክንያቱ ይኸው ውኃ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲቆም ተስፋ የሚቆርጡት ይህን የማያውቁ ናቸው።

ደረጃ 8፦ በራሳችሁ ቁጥር አርሙ

የመጀመሪያውን ሳምንት ጣሉት። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ያለውን ያዙ።

ምሳሌ፦ የሁለተኛው ሳምንት አማካይ 77.1፣ የስድስተኛው 75.9። በ28 ቀን 1.2 ኪሎ።
1.2 × 7,700 = 9,240፤ ለ28 ሲካፈል በቀን 330 ካሎሪ። እውነተኛው ጉድለት ይህ ነው።
የተመዘገበው 1,600 + 330 = 1,930። ቀመሩ 2,010 ብሎ ነበር፤ በ80 ካሎሪ ስቷል።

ከዚህ ወዲያ የምትሠሩት በ1,930 ነው። መዝገባችሁ በትንሹ የሚጎድል ቢሆን እንኳ ሁልጊዜ እኩል እስከጎደለ ድረስ ስሌቱ ያው ይሠራል፤ ለዚህ ነው ወጥነት ከፍጹምነት የሚበልጠው።

ደረጃ 9፦ ሚዛኑ ሲቆም

ቆመ የሚባለው አማካዩ ለሦስት ሳምንት፣ ለሴት ለአንድ ሙሉ ዑደት፣ ሳይወርድ ሲቀር ነው። አምስት ቀን መቆም መቆም አይባልም። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደሌላው አትለፉ።

1. ወገቡን ተመልከቱ። ወገብ እየጠበበ ክብደት ከቆመ ስብ እየሄደ ውኃ ወይም ጡንቻ እየተካው ነው። ምንም አትንኩ።
2. ለ7 ቀን እንደ መጀመሪያው ሳምንት መዝግቡ። ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም ሰው መገመት ይጀምራል፤ «ያው የትናንቱ ነው» ማለት ይመጣል።
3. ቅዳሜና እሑድን ለብቻ አስሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 400 ጎድሎ 2,000 ካሎሪ ተጠራቀመ እንበል። ቅዳሜ 1,000፣ እሑድ 1,000 ትርፍ ከተበላ ሳምንቱ ዜሮ ነው። አምስት ቀን በትክክል የተራበ ሰው «ምንም አልሠራም» የሚለው ለዚህ ነው።
4. እርምጃችሁን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጋር አነጻጽሩ። ከ8,000 ወደ 5,500 ወርዶ ከሆነ የጠፋው ጉድለት እዚያ ነው፤ መጀመሪያ እሱን መልሱ።
5. ቀመሩን በአዲሱ ክብደት እንደገና አስሉ። አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው የዕረፍት ወጪው በ100፣ በማባዣው ሲሰላ ደግሞ በ137 ካሎሪ ያንሳል።
6. ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ቀንሱ፣ ወይም በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 እርምጃ ጨምሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታድርጉ፤ የሠራው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ሦስት ሳምንት ጠብቁ።
7. አሁንም ከቆመ ሐኪም ጋር ሂዱ። በተለይ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ ወይም የወር አበባ መዛባት ካለ የታይሮይድ የደም ምርመራ (ቲኤስኤች) ይታዘዛል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮርቲኮስቴሮይድ፣ ኢንሱሊንና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ። መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ።

ሜታቦሊዝም በእርግጥ ይወርዳል ወይ?

ይወርዳል፤ ነገር ግን እንደሚወራው አይደለም። ትንሽ ሰውነት ትንሽ ኃይል ይፈልጋል፤ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ በላይ ሰውነት ራሱ የሚቆጥበው አለ፦ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ይወርዳል፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል፣ የታይሮይድ ሆርሞን በትንሹ ይቀንሳል። በመጠነኛ ቅነሳ ይህ ቁጠባ ብዙ ጊዜ በቀን 100 ካሎሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በጣም ፈጣንና ብዙ በሆነ ቅነሳ ግን ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል።

ቁጠባው ጉድለትን ያጠብባል እንጂ አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኔሶታ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለስድስት ወር በግማሽ ምግብ ሲኖሩ የዕረፍት ሜታቦሊዝማቸው ወደ 40 በመቶ ወርዷል፤ እንዲያም ሆኖ ክብደታቸው በሩብ ገደማ ወርዷል። «ሰውነቴ በረሃብ ስጋት ስብ መያዝ ጀመረ» የሚለው አባባል ከዚህ ጋር አይሄድም። ከቁጠባው ይልቅ የሚጥለው ረሃቡ ነው፤ ለዚህም ነው ጉድለቱን መጠነኛ ማድረግና ፕሮቲንና አሠርን መጠበቅ የሚያስፈልገው።

ደረጃ 10፦ ዕረፍትና ማቆሚያ

ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጉድለት በኋላ ድካሙ፣ የእንቅልፍ መረበሹና ስለ ምግብ ማሰቡ ከበዛ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ወደ ማቆሚያው ልክ ተመለሱ። ይህ ሜታቦሊዝምን «እንደገና አያስነሣም»፤ ሰውየውን ግን ያሳርፋል። መመዝገቡ አይቋረጥ።

የምትፈልጉት ክብደት ላይ ስትደርሱ በየሳምንቱ ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ጨምሩ፣ አማካዩ እስኪቆም ድረስ። በዚህ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ግላይኮጅኑና ውኃው ተመልሶ ነው፣ አትደንግጡ። ከዚያ በኋላ ምግብ መመዘን ብታቆሙም የጠዋቱን ሚዛን ቀጥሉ። የሳምንቱ አማካይ ከቆመበት በ2 ኪሎ በልጦ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከቆየ፣ ምንም ምግብ ሳትከለክሉ በመጀመሪያ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱና ለ7 ቀን መዝኑ፤ የዘይቱን ጠርሙስ ጨምሮ።